የመረብ ጎረቤታሞች፦ በአንድ ራውተር ውስጥ መንገድን መለየት፣ ማጣራትና ማጋራት

ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ ከ650 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ርቀት ላይ የምትገኘው አሶሳ የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ርዕሰ ከተማ ናት። የክልሉ መስተዳድር ቢሮዎች፣ ፍርድ ቤቶች፣ ሆስፒታሉ፣ ባንኮችና እ.ኤ.አ. በ2011 የተመሠረተው አሶሳ ዩኒቨርሲቲ በዚህችው ከተማ ይገኛሉ። እነዚህ ተቋማት ከማዕከልና እርስ በርሳቸው መረጃ መለዋወጥ ያስፈልጋቸዋል። ይሁን እንጂ ለእያንዳንዳቸው ከአዲስ አበባ እስከ አሶሳ የተለየ ገመድ ይዘርጋ ቢባል ወጪው የሚቀመስ አይሆንም። ስለዚህ ገመዱም ሆነ በገመዱ ጫፍ የሚቀመጠው መሣሪያ የጋራ መሆኑ ግድ ነው።

ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው። የሕሙማን መዝገብ፣ የክልሉ የበጀት ሂሳብና የተማሪዎች ኢንተርኔት በአንድ መሣሪያ ውስጥ ሲያልፉ ሳይደባለቁ የሚቀሩት እንዴት ነው? ሁለቱ ጎረቤታሞች ከብዙው ነገራቸው አንዲቷን ብቻ ሊጋሩ ቢፈልጉስ፣ ያቺን ብቻ ለይቶ ማገናኘት ይቻላልን? ውድ አንባብያን፣ በዚህ ጽሑፍ የኮምፒውተር መረብ ባለሙያዎች ለእነዚህ ጥያቄዎች የሰጡትን መልስ ከመሠረቱ ጀምረን እንመለከታለን።

ራውተር ምን ያውቃል?

በኮምፒውተር መረብ የሚጓዝ መረጃ ሁሉ ፓኬት በሚባሉ ትናንሽ ጥቅሎች ተከፋፍሎ ይላካል። እያንዳንዱ ፓኬት የላኪውንና የተቀባዩን አድራሻ ይዟል። ራውተር የተባለው መሣሪያ የተቀባዩን አድራሻ ያነብና በውስጡ ካለው የመንገድ መዝገብ ጋር ያመሳክራል። መዝገቡ "ወደዚህ የአድራሻ ቡድን የሚሄድ በዚህ በር ይውጣ" የሚሉ መስመሮች የተጻፉበት ሠንጠረዥ ነው።

የራውተር ሥራ በሁለት ቀላል ሕጎች ላይ የቆመ ነው። የመጀመሪያው ሕግ፣ ለአንድ አድራሻ የሚስማሙ ሁለት መስመሮች ቢገኙ ይበልጥ ዝርዝር የሆነው፣ ማለትም አነስ ያለውን የአድራሻ ቡድን የሚጠቅሰው መስመር ያሸንፋል የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ በመዝገቡ ውስጥ ምንም የሚስማማ መስመር ያልተገኘለት ፓኬት ይጣላል የሚል ነው። ከሁለተኛው ሕግ አንድ ትልቅ ቁም ነገር ይወለዳል። ለራውተር ያልተነገረው መንገድ የሌለ መንገድ ነው። ገመዱ ተዘርግቶ፣ መሣሪያው በርቶ፣ ተቀባዩም በሚቀጥለው ክፍል ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ ካላወቀው ግን አይደረስበትም።

አንድ መሣሪያ፣ ብዙ መዝገብ

አሁን ሆስፒታሉና ዩኒቨርሲቲው በአንድ ራውተር ላይ ተገናኙ እንበል። መሣሪያው አንድ መዝገብ ብቻ ካለው ሁለት ችግር ይፈጠራል። አንደኛ፣ የሁለቱም መንገዶች በአንድ ሠንጠረዥ ስለሚጻፉ ማንኛውም የተማሪ ኮምፒውተር ወደ ሆስፒታሉ ኮምፒውተሮች የሚወስደውን መንገድ ያገኛል። ሁለተኛ፣ አድራሻዎቻቸው ሊጋጩ ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ደንብ መሠረት በ10 የሚጀምሩት 16,777,216 አድራሻዎች ማንም ድርጅት ያለ ፈቃድ በግቢው ውስጥ ሊጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው። በመሆኑም ሁለት የማይተዋወቁ መሥሪያ ቤቶች አንድ ዓይነት አድራሻ መርጠው ቢገኙ አያስገርምም።

መፍትሔው መሣሪያውን ሳይሆን መዝገቡን ማብዛት ሆነ። አንዱ ራውተር በውስጡ ብዙ የተለያዩ የመንገድ መዝገቦችን ይይዛል፤ እያንዳንዱ በር ደግሞ ለአንዱ መዝገብ ብቻ ይመደባል። በሆስፒታሉ በር የገባ ፓኬት የሚመሳከረው ከጤናው መዝገብ ጋር ብቻ ነው፤ በዩኒቨርሲቲው በር የገባም ከትምህርቱ መዝገብ ጋር ብቻ። ባለሙያዎች ይህን አሠራር "ቪአርኤፍ" በሚል ምሕጻረ ቃል ይጠሩታል፤ እኛ ምናባዊ የመንገድ መዝገብ እንለዋለን። በሁለቱ መካከል የቆመ የሚዳሰስ ግድግዳ የለም። የሚለያያቸው አንዱ የሌላውን መንገድ አለማወቁ ብቻ ነው።

ከወረዳ ኔት የምንማረው

ይህ ጉዳይ በአገራችን የቆየ ነው። በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ የፌዴራል፣ የክልልና የወረዳ መሥሪያ ቤቶችን ለማገናኘት የተቋቋመው ወረዳ ኔት የቪዲዮ ስብሰባ፣ የድምፅ ጥሪ፣ የመልእክትና የኢንተርኔት አገልግሎት ለመስጠት የታለመ ነበር። በዚያው ዘመን ስኩልኔት የተባለው ፕሮጀክት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች "ፕላዝማ" እያሉ የሚጠሩትን የቴሌቪዥን ትምህርት በሳተላይት ማሰራጨት ጀመረ። ከእነርሱም ሌላ የጤና ተቋማትን የሚያገናኘው ሄልዝኔትና የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎችን የሚያስተሳስረው የኢትዮጵያ የትምህርትና የምርምር መረብ ይጠቀሳሉ።

ወረዳ ኔት በተወለደበት ጊዜ መሠረተ ልማቱን ይዞ የነበረው የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን ነው፤ እርሱም በኅዳር 2003 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም በሚል አዲስ ስም ተተካ። መሥሪያ ቤቶቹ የየራሳቸውን የአገር አቋራጭ ገመድ አልዘረጉም። ከተሞቹን በምድር መሥመር፣ ከመሥመር የራቁትን ወረዳዎች ደግሞ በሳተላይት ሳህን አማካይነት በዚሁ በጋራው መሠረተ ልማት ላይ ተሳፈሩ። ብዙ ተሳፋሪ ባለበት ደግሞ የማን ዕቃ ከማን ጋር ይሁን፣ ማንስ ከማን ይለይ የሚለው ጥያቄ የግድ ነው።

ምልክት ማሠር፣ ምልክት መቀበል

በአንድ ራውተር ውስጥ የተለያዩ መዝገቦችን መያዝ አንድ ነገር ነው፤ አሶሳ ያለው የጤና መዝገብ አዲስ አበባ ካለው የጤና መዝገብ ጋር ብቻ እንዲነጋገር ማድረግ ግን ሌላ ነው። ለዚህ የሚሆነውን ዘዴ ኤሪክ ሮዘንና ያኮቭ ሬክተር እ.ኤ.አ. በ1999 አርኤፍሲ 2547 በተባለ ሰነድ አቀረቡ፤ በ2006 ደግሞ ተሻሽሎ አርኤፍሲ 4364 ሆኖ ወጣ። የቴሌኮም ድርጅቶች እስከ ዛሬ በስፋት የሚሠሩበት ይህንኑ ነው።

ዘዴው ሁለት ነገሮችን በእያንዳንዱ መንገድ ላይ ይጨምራል። የመጀመሪያው "የመንገድ መለያ" ነው። 32 ቢት በሆነው የአድራሻ ቡድን ፊት 64 ቢት ያለው ቁጥር ይቀጠልና ጠቅላላው 96 ቢት ይሆናል። በዚህም የተነሣ ሁለት ደንበኞች አንድ ዓይነት አድራሻ ቢኖራቸው እንኳ በጋራው መረብ ውስጥ መንገዶቻቸው አይምታቱም፤ ስማቸው አንድ የሆነ ሰዎች በአያት ስም እንደሚለዩት ማለት ነው።

ሁለተኛው "ራውት ታርጌት" የሚባለው ምልክት ነው። እያንዳንዱ መዝገብ ሁለት ዝርዝር አለው። አንዱ "ከእኔ የሚወጡ መንገዶች ይህን ምልክት ይሠርባቸው" ይላል፤ ሌላው "ይህን ምልክት የያዙ መንገዶችን እቀበላለሁ" ይላል። የአሶሳው የጤና መዝገብና የአዲስ አበባው የጤና መዝገብ አንድ ዓይነት ምልክት ካሠሩና ካነበቡ አንድ መረብ ሆኑ ማለት ነው። የትምህርቱ መዝገብ ያንን ምልክት በመቀበያ ዝርዝሩ ውስጥ ስለማይዝ የጤናው መንገዶች ከፊቱ ቢያልፉም አይመዘግባቸውም።

አስተዋይ አንባቢ ከዚህ ላይ የማጋራቱን ምሥጢር ይደርስበታል። ሁለት የተለያዩ መረቦችን ለማገናኘት አዲስ ገመድ አያስፈልግም። አንዱ በመረጠው መንገድ ላይ አንድ የተለየ ምልክት ያሥራል፣ ሌላውም ያንን ምልክት በመቀበያ ዝርዝሩ ላይ ይጨምራል። ይህ ሥራ በባለሙያዎች ዘንድ "ራውት ሊኪንግ" ይባላል፤ ቃሉ በጥሬው "መንገድን ማፍሰስ" እንደ ማለት ነው። የሚገርመው ታስቦበት የተደረገውም ማጋራት፣ በስሕተት የሾለከውም መንገድ በዚሁ ቃል መጠራታቸው ነው። ሁለቱን የሚለያቸው በመካከል የሚቆመው ማጣሪያ ነው።

አንድ ምሳሌ

ነገሩን በምሳሌ እንየው። የሚከተሉት አድራሻዎች ለማስረዳት ብቻ የተመረጡ ናቸው። አንድ ሆስፒታል ከ10.40.0.0/16 የሚጀምር 65,536 አድራሻ አለው እንበል። የሕሙማኑ መዝገብ የተቀመጠበት ሰርቨር 10.40.2.10 ነው። የሕሙማን ስም የተፋቀባቸው የራጅ ምስሎች ለማስተማሪያ የተቀመጡባቸው ሰርቨሮች ደግሞ በ10.40.8.16/28 ውስጥ ናቸው። "/28" ማለት ከ32ቱ ቢቶች የመጀመሪያዎቹ 28ቱ የማይለወጡ ናቸው ማለት ነው፤ ቀሪዎቹ 4 ቢቶች 16 አድራሻዎችን ይሰጣሉ። በዩኒቨርሲቲው በኩል የጤና ተማሪዎች የሚለማመዱበት ክፍል 10.60.12.0/24 የሚል የአድራሻ ቡድን ይዟል።

የሚፈለገው ተማሪዎቹ ምስሎቹን እንዲያዩ፣ የሕሙማኑን መዝገብ ግን ፈጽሞ እንዳይደርሱበት ነው። የጤናው መዝገብ ከመንገዶቹ ሁሉ 10.40.8.16/28ን ብቻ መርጦ የማጋሪያ ምልክት ያሥርበታል፤ የትምህርቱም መዝገብ ያንን ይቀበላል። ሥራው ግን ገና ግማሽ ነው። ጥያቄው ሆስፒታሉ ቢደርስ መልሱ በምን መንገድ ይመለሳል? ስለዚህ የትምህርቱ መዝገብ በተራው 10.60.12.0/24ን ምልክት አሥሮ ያወጣል፣ የጤናውም ይቀበለዋል። የመመለሻውን መንገድ መርሳት ጀማሪዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ነው፤ መሄጃው ተከፍቶ መመለሻው ሲዘነጋ ከውጭ ሲታይ ምንም እንዳልተሠራ ይመስላል።

ሥራው ሲጠናቀቅ ከልምምድ ክፍሉ ወደ 10.40.2.10 የሚላክ ፓኬት በትምህርቱ መዝገብ ወደ ሆስፒታሉ የሚወስደው መስመር አያገኝም። የሕሙማኑ መዝገብ የተጠበቀው ስለ ተቆለፈ ሳይሆን መንገዱ ለጎረቤት ስላልተነገረ ነው።

ተጋሪዎቹ ሲበዙም ሥርዓቱ ያው ነው። ሁሉም የሚፈልጉት አንድ የጋራ አገልግሎት፣ ለምሳሌ የቪዲዮ ስብሰባ ማዕከል፣ ለራሱ መዝገብ ይበጅለታል። አስተዳደሩም፣ ጤናውም፣ ትምህርቱም ከእርሱ ጋር መንገድ ይለዋወጣሉ። ከአንዱ የተቀበለውን መንገድ ግን ለሌላው አያስተላልፍም፤ በዚህ ዘዴ ከሌላ መዝገብ የገባ መንገድ ተመልሶ ወደ ሦስተኛ ወገን እንዳይወጣ ማድረግ የተለመደው ሥርዓት ነው። የጋራ ወዳጅ ያላቸው ሁለት ሰዎች በዚያ ምክንያት ብቻ የእርስ በርስ ምሥጢር እንደማይካፈሉ ሁሉ፣ መረቦቹም በጋራው አገልግሎት ቢገናኙም እርስ በርሳቸው እንደተለያዩ ይቆያሉ።

ማጣሪያው ሲዘነጋ

የማጣሪያ ጥቅም ይበልጥ የሚገለጠው በሌለበት ጊዜ ነው። የካቲት 16 ቀን 2000 ዓ.ም.፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 24 ቀን 2008፣ የፓኪስታን ቴሌኮም ዩቲዩብ በአገሩ ውስጥ እንዳይታይ ለማድረግ ወደ 208.65.153.0/24 የሚሄዱ ፓኬቶችን የሚጥል መንገድ በመረቡ ውስጥ አስገባ። መንገዱ ከአገር ውስጥ እንዳይወጣ የታሰበ ነበር፤ ነገር ግን ሾልኮ ወጣ። ከፓኪስታን ቴሌኮም ኢንተርኔት የሚያገናኘው ፒሲሲደብሊው የተባለው የሆንግ ኮንግ ድርጅትም ሳያጣራ ለዓለም አስተላለፈው። ዩቲዩብ በዚያን ጊዜ ያሳወቀው 1,024 አድራሻ ያለውን 208.65.152.0/22 ነበር፤ የሾለከው ደግሞ 256 አድራሻ ብቻ ያለው ዝርዝር መንገድ ነው። በመጀመሪያው ሕግ መሠረት ዝርዝሩ አሸነፈ። ከሁለት ሰዓት ለሚበልጥ ጊዜ በብዙ የዓለም ክፍሎች ዩቲዩብን የፈለገ ሁሉ ወደ ፓኪስታን ተመርቶ እዚያው ጠፋ።

በዚያ ዕለት የተሰበረ መሣሪያ አልነበረም፤ ራውተሮቹ ሁሉ የተነገራቸውን በትክክል ፈጽመዋል። ጥፋቱ ከሁለት በሮች ላይ ነበር፤ አንደኛው እንዳይወጣ ማድረግ የሚገባውን አላገደም፣ ሁለተኛውም እንዳይገባ ማድረግ የሚገባውን አልመረመረም። በአንድ ራውተር ውስጥ ባሉ መዝገቦች መካከልም ይኸው ሊደርስ ይችላል። በተለይ "የማላውቀውን ሁሉ በዚህ አውጣው" የሚለው ነባሪ መንገድ ከኢንተርኔቱ መዝገብ ወደ ተዘጋ መዝገብ ቢሾልክ፣ ሊጣል ይገባው የነበረ ፓኬት ሁሉ ወደ ውጭ መውጫ ያገኛል።

ስለዚህ ጥሩ ማጣሪያ የሚጻፈው በመፍቀድ እንጂ በመከልከል አይደለም። የሚፈቀዱት ጥቂት መንገዶች በስማቸው ይዘረዘራሉ፤ ከዝርዝሩ ውጭ ያለው ሁሉ እንደተከለከለ ይቆጠራል። "ይህና በውስጡ ያለው ሁሉ" በሚልና "ልክ ይህ ብቻ" በሚል መካከልም ትልቅ ልዩነት አለ። በምሳሌአችን "10.40.0.0/16ና በውስጡ ያለው ሁሉ" ተብሎ ቢጻፍ የምስሉን ሰርቨር ለመክፈት የታሰበው አንድ መስመር የሕሙማኑን መዝገብም ይከፍተዋል። ከዚህ በተጨማሪ የሚገቡትን መንገዶች ብዛት መወሰን ይቻላል። ሁለት መንገድ ከሚጠበቅበት ጎረቤት ሁለት መቶ ቢመጡ አንድ ነገር እንደተበላሸ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በሩ የት ይከፈት?

ማጋራቱ በየትኛው ራውተር ላይ ይደረግ የሚለው ጥያቄ እንደ አሶሳ ላለ ከተማ ከሁሉ የሚበልጥ ነው። የአባይ ወንዝ ቤኒሻንጉል ጉሙዝን ለሁለት ከፍሎ ያልፋል፤ መተከል በስተሰሜን፣ አሶሳና ካማሺ በስተደቡብ ይቀራሉ። በወንዝ ማዶ ላሉ ጎረቤታሞች ቅርበት የሚለካው በአየር ርቀት ሳይሆን ድልድዩ ባለበት ቦታ ነው። በመረብም እንዲሁ ነው። ሁለቱ መዝገቦች የሚገናኙበት ነጥብ አዲስ አበባ ብቻ ከሆነ፣ በአንድ የአሶሳ መንገድ ፊት ለፊት የቆሙ ሁለት መሥሪያ ቤቶች የሚላላኩት መረጃ አዲስ አበባ ደርሶ ይመለሳል።

የጊዜውን ኪሳራ እናስላ። ብርሃን በኦፕቲካል ፋይበር ውስጥ በሰከንድ ወደ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ገመዱ 650 ኪሎ ሜትር ነው ብንል ጥያቄው ሄዶ ይመለሳል፣ መልሱም እንዲሁ፤ ጠቅላላው 2,600 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጊዜው 13 ሚሊ ሰከንድ ነው። ይህ የሚያስከፋ አይደለም። በሳተላይት ግን ነገሩ ይለወጣል። ከምድር ወገብ በላይ በ35,786 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ወዳለች ሳተላይት ወጥቶ ለመውረድ 0.24 ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሁለት ወረዳዎች በማዕከል ጣቢያ በኩል ብቻ የሚገናኙ ከሆነ ድምፁ ሁለት ጊዜ ወጥቶ ሁለት ጊዜ ይወርዳል፤ ይህም ለአንድ አቅጣጫ ብቻ 0.48 ሰከንድ ነው። የዓለም አቀፉ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለድምፅ ጥሪ የአንድ አቅጣጫ መዘግየት ከ0.4 ሰከንድ እንዳይበልጥ ይመክራል። ስለዚህ እንዲህ ባለ መረብ የሚነጋገሩ ሁለት ሰዎች አንዱ የሌላውን ቃል እየተሻሙ ይቸገራሉ።

ከጊዜው ይልቅ የሚከፋው ግን የመሥመር መቋረጥ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መሥመር በተቆረጠ ጊዜ፣ ማጋራቱ በማዕከል ብቻ የተደረገ እንደሆነ፣ በአሶሳ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ተቋማት እርስ በርስ መተያየት ይሳናቸዋል። ማጋራቱ በአሶሳው ራውተር ላይ ከሆነ ግን ከዋናው መረብ የተቆረጠች ከተማ በውስጧ መነጋገሯን ትቀጥላለች። በማዕከል የማድረግ ጥቅሙ ቁጥጥሩና ፍተሻው በአንድ ቦታ መሆኑ ነው፤ ጉዳቱ ይህ ነው። እንግዲህ የዕቅድ አውጪው ፈተና የትኛው ግንኙነት ሲቋረጥ ሰው እንደሚጎዳ አስቀድሞ ማወቅ ነው። ድንገተኛ ታካሚን የሚመለከት መረጃ በር በሩቅ ሊሆን አይገባም።

ማጣሪያ የማይሠራው ሥራ

የመንገድ ማጣሪያ ሁሉን የሚያድን መድኃኒት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። መዝገቡ የሚያየው የመድረሻውን አድራሻ ብቻ ነው፤ ማን እንደላከው፣ ስለምን ጉዳይ እንደላከው አይጠይቅም። ወደ ምሳሌአችን እንመለስ። የጤናው መዝገብ የልምምድ ክፍሉን መንገድ ስለተቀበለ፣ የሕሙማኑ መዝገብ ያለበት ሰርቨር ወደዚያ ክፍል ፓኬት መላክ ይችላል። መልስ አይመጣለትም፤ ነገር ግን መረጃ በአንድ አቅጣጫ ብቻም ሊወጣ ይችላል። በተመሳሳይ ሁኔታ የምስሉን ሰርቨር የሰበረ ሰው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ሆስፒታሉ ውስጥ ሊዘልቅ ይችላል። በመሆኑም በተከፈተው መንገድ ላይ የሚያልፈውን የሚመረምር ፋየርዎልና የተጠቃሚ ማረጋገጫ የግድ ያስፈልጋሉ።

የአድራሻ ግጭትም በማጋራት አይፈታም። የመንገድ መለያው ሁለት ተመሳሳይ አድራሻዎችን በጋራው መረብ ውስጥ ለይቶ ያኖራቸዋል፤ ሁለቱ በአንድ መዝገብ ውስጥ ሲገናኙ ግን ራውተሩ ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ይገደዳል። ያን ጊዜ መፍትሔው አንዱ አድራሻውን እንዲለውጥ ወይም በመካከል አድራሻ ተርጓሚ እንዲቆም ማድረግ ነው። ለዚህ ነው የአንድ ክልል ተቋማት ዛሬ ባይገናኙም እንኳ አድራሻቸውን ተመካክረው ቢመድቡ የሚመረጠው።

በእጅ ሠርቶ ማየት

ይህን ሁሉ ለመሞከር ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ የሊኑክስ ሥርዓት ምናባዊ የመንገድ መዝገቦችን ይደግፋል፤ ኤፍአርአር የተባለው ነፃ ሶፍትዌር ደግሞ በመዝገቦቹ መካከል መንገድ የማጋራትና የማጣራት ትእዛዞችን ይሰጣል። አንድ መጠነኛ ኮምፒውተር ያለው ተማሪ በላዩ ላይ "ሆስፒታል"ና "ዩኒቨርሲቲ" ፈጥሮ ከላይ የተሰጠውን ምሳሌ በሙሉ መሥራት ይችላል። ሲሠራም በመጀመሪያ የመመለሻውን መንገድ ሆን ብሎ ይተወው፤ ምን እንደሚሆን ይመልከት። ቀጥሎ ማጣሪያውን አስፍቶ ይጻፈውና የሕሙማኑ መዝገብ ሲገለጥ ይመልከት። ከብዙ ንባብ ይልቅ ይህ ያስተምራል።

አበው "ድር ቢያብር አንበሳ ያስር" ይላሉ። ድሩ የሚያብረው ግን እያንዳንዱ ክር ቦታውን ሲያውቅ ነው፤ የተወሳሰበ ክር አንበሳ ሊያስር ይቅርና ራሱንም መፍታት አይችልም። እንደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ባሉ፣ ተቋማት ጥቂት መሥመር ለብዙ በሚካፈሉባቸው አካባቢዎች፣ ለጎረቤት ምን መንገር፣ ምንስ መተው እንደሚገባ አስቦ የሚወስን ባለሙያ የሕሙማኑን ምሥጢርም የተማሪውን ዕውቀትም በአንድ ጊዜ ይጠብቃል። ያንን ባለሙያ ማፍራት የዛሬ ተማሪዎች ድርሻ ነው።